ቤንዚን የሚሸት ክታብ

ፎገራ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለአምሳል ልጅ ለሰውመሆን፤ ጅቡቲ፣ ጀልባ ከሚጠግኑበት ወደብ።

ማዕበሉን ገሥጾ ዝም ያሰኘ ጌታ አንተንም ከዚያ ከጨው ባሕር ዳር ይጠብቅህ። እኔ ከጉልበቴና ከሞተሯ በቀር ደህና ነኝ። ስልኩ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ቢኖርም ጆሮዬ ላይ የሚጮኽ ነገር አልወድም። ይህችን ወረቀት ሾፌሩ ካሴ በተሳቢው ያደርስልሃል። የቀበሌው ጸሐፊ «እኔ ልጻፍልዎ» ብሎኝ ነበር። የቤቴን ነገር በሰው እጅ አላስጽፍም አልሁት። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን በኩራዝ ነው፤ ጽሕፈቱ ቢንጋደድብህ ኩራዙን ውቀስ።

ጥር ላይ የላክሃት የጀልባ ሞተር አኮረፈችኝ። «አሮጊት ናት፣ ግን ጠንካራ ናት» ብለህ ነበር። እኔም ሽማግሌ ነኝ፣ እንስማማለን ብዬ ነበር። ከደንገሉ ጠርዝ ስትነሣ እንደ ኮርማ እያገሳች ነው። ውኃው ጠቆር ከሚልበት ስትደርስ ድምጿ ይቀጥናል፤ ታስላለች፣ ትጠፋለች። ገመዱን ብስብ ብስብ ወይ ፍንክች። ተስፋ ቆርጬ ስቀዝፍ ቆይቼ ደግሞ ስሞክራት ምንም እንዳልሆነች ሆና ትነሣለች። ጥቂት ሄዳ ያው ነው። በቅሎ ብትሆን በአለንጋ እመክራት ነበር።

ለዓሣ ቢሆን አልጽፍልህም። ልጄ ስንዱ ነፍሰ ጡር ናት። ነሐሴን ጨርሳ ትወልዳለች ይላሉ። ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ መንደራችን ደሴት እንደሚሆን አንተው አድገህበታል። ከእኛ ደጅ እስከ ወረታው አስፋልት ያለው ሁሉ ባሕር ነው፤ ሐኪም ቤቱ ደግሞ ከወዲያ ነው። በመጀመሪያ ልጇ ምጥ በደንገል ታንኳ ስናሻግራት ሕፃኗ ውኃው ላይ እንደቀረች አልረሳህም። ያን ጊዜ ባለቤቴ ይታይሽ ነፍሷን ይማረውና «ሁለተኛውን በታንኳ አላሻግርም በል» ብላ አስምላኛለች። ሞተር የለመንሁህ ለዚያ ነው። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም።

መድኃኒቷን ጻፍልኝ። ምክር ሳይሆን መድኃኒት።

አጎትህ ያየህ


ጅቡቲ፣ ግንቦት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ያየህ፤ ፎገራ።

እንደምን ሰነበቱ? ከብቱ፣ ስንዱ፣ ባሏ ዘመኑም እንዴት ናቸው? እዚህ ሙቀቱ ድንጋይ ያፈላል፤ እኔ ግን በእናንተ ጸሎት ደህና ነኝ። ስንዱ በማርገዟ ደስ ብሎኛል። እናቴ ብትኖር እልል ትል ነበር።

ስለ ሞተሯ በጥንቃቄ ያንብቡልኝ። መጀመሪያ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትተው ይዩት። ጥላሸት ከያዘ በካሴ እጅ የላክሁትን አዲሱን ይቀይሩ። ቤንዚኑን መንገድ ዳር በጠርሙስ ከሚሸጡት የሚገዙ ከሆነ ውኃም ላምባም ይቀላቅሉበታልና በጨርቅ ያጥልሉት። ስትሠራ ከጎኗ ውኃ መሽናት አለባት። መሽናቷን ከተወች ግላለች፤ ያኔ ያሳርፏት።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ግን እኔ የጠረጠርኩት ሌላ ነው። ቤንዚኑ የሚቀመጥበት ቀይ ሰልባቲዮ ክዳኑ ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ጀልባዋ ስትሄድ ያቺ ብሎን መላላት አለባት፤ አየር የሚገባው በእርሷ ነው። ከአፈ ጠባብ ቅል ውኃ በአፍዎ ሲመጡ ቅሉ ከንፈርዎን ጥርቅም አድርጎ እንደሚይዝዎ ያስቡት። ቤንዚን በወጣ ልክ አየር ካልገባ ሞተሯ መምጠጥ ያቅታትና ትታፈናለች። ሲቆይ አየሩ እንደምንም ሰርጎ ይገባል፣ ትነሣለች። የነገሩኝ ልክ ይህንኑ ይመስላል።

ሁለት ነገር ይመልሱልኝ። ስትጠፋ ቱቦው መካከል ያለችው የጎማ እንቁላል ተጨፍልቃ ትገኛለች? ቤንዚን ለመጨመር ክዳኑን ሲከፍቱስ ከዚያ በኋላ ደህና ትሄዳለች?

ደግሞ ቀጥቃጩን አበረን ለምን አያሳዩትም? ልጅ ሆነን ማረሻችሁን ሁሉ የሚስለው እርሱ አልነበረም? ብረት ያውቃል።

የእኅትዎ ልጅ ሰውመሆን


ፎገራ፣ ሰኔ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰውመሆን።

ደብዳቤህም ካንዴላህም ደረሰኝ። ሥራህን ይባርክልህ፤ እጅህን ከስለት ዓይንህን ከጨው ይሠውርልህ።

ካንዴላውን ቀየርሁ። ቤንዚኑን በይታይሽ ነጠላ አጠለልሁት። ሽንቷም እንደ ባዝራ ነው። አልዳነችም። የጎማዋ እንቁላል አዎ፣ እንደ ደረቀ ጡት ተጣብቃ ነው የማገኛት። ቤንዚን ስጨምርባት ደግሞ ትታረቃለች፤ ስለዚህ ርኃብተኛ ናት ብያለሁ። ክዳኑን ግን አትጠይቀኝ። ክዳኑ ደህና ነው። እንደ ማር ገንቦ ታሽጓል፣ ጠብታ አይወጣውም።

ስለ አበረ ካነሣኸው ልንገርህ። ሞተሯ የመጣች ዕለት ሰው ሁሉ ለማየት ሲጎርፍ አበረም መጣ። መጣና ዳሰሳት። «ይህችስ ልብ አላት» አለ። ተው፣ እንዲህ ያለ ቃል ከጠይብ አፍ ሲወጣ ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። በማግስቱ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ዘንድ ሄጄ ክታብ አስጻፍሁላት። የሞተር ነፍሷ ቤንዚኗ ስለሆነ በቆዳ አሰፍቼ ያች ከምትላት ብሎን ላይ በጠፍር ጠመጠምሁት፤ ውኃ እንዳይነካው ሰም አፈሰስሁበት። ክዳኑን ስከፍት አብሮ ይዞራል፣ ስዘጋ አብሮ ይመለሳል። መሪጌታ «የሰው እጅ አይንካው» ብለውኛል። እንዲያም ሆኖ ዓይኑ ቀድሞ ገብቷታል።

ባለፈው እሑድ ከዳር ሳልርቅ ጠፋችብኝ። አበረ ሣር ሊያጭድ መጥቶ ኖሮ ውኃውን ረግጦ ወደ ጀልባዋ ቀረበ። የጎማዋን እንቁላል በጣቱ ጫን አደረጋት። ከዚያ ክዳኑን አየና «አባ ያየህ፣ ይህን ይፍቱት፤ ታንቃ ነው» አለኝ።

«ማን አነቃት?» አልሁት።

«እርስዎ» አለኝ፣ ዓይኔን እያየ።

ክታብ ፍታ የሚል ማን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። መቅዘፊያውን አነሣሁበት። አልመታሁትም። ሰው ግን ሰምቷል።

ሌላ መድኃኒት ላክልኝ።

ያየህ


ጅቡቲ፣ ሰኔ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአቶ ያየህ።

ጤናዎን ይስጥልኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ዘይት ነው፤ ወረቀቱ ቢቆሽሽ ይቅርታ።

አጎቴ፣ አበረ ልክ ነው። ሞተሯ ምንም አልሆነችም። ያሰሩት ክታብ የምትተነፍስባትን ቀዳዳ ደፍኖታል። ቤንዚን ሲጨምሩ የምትታረቀው ስለራባት ሳይሆን ክዳኑ ሲከፈት አየር ስለምትስብ ነው። እርስዎ ራስዎ ጽፈውልኛል እኮ፣ አንድ በአንድ። እኔ እዚህ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ እርስዎ አጠገቧ ሆነው እንዴት ያጡታል?

ይፍቱት። ዛሬውኑ።

አበረን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ ካስቀየምኩዎት ልጅዎ ነኝ። እኔ እዚህ ቀኑን ሙሉ ብረት ስቀጠቅጥ፣ ስበይድ ነው የምውለው። እንጀራዬ ከብረት ነው። ያቺን ሞተር ከመላኬ በፊት እኔም ዳብሻታለሁ፣ «ጎበዝ» ብያታለሁ። እና የእኔስ ዓይን? እኔም ሰው እበላለሁ?

ስንዱን በዚህ ምክንያት አደጋ ላይ እንዳይጥሏት። ክረምቱ ደርሷል። መልስዎን በካሴ እጅ እጠብቃለሁ፤ የሚመለሰው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው።

ሰውመሆን


ፎገራ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰውመሆን።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ፤ ከዕድሜም ጋር ትሕትና።

ካሴ በሐምሌ መጀመሪያ መጥቶ «መልስ አለ?» ሲለኝ የለም ብዬ የሰደድሁት እኔ ነኝ። ጉልበቴን ዋንዛዬ ፍል ውኃ ስነክር ሰንብቻለሁ። ለዚያ ነው።

አንተ የእኅቴ ልጅ ነህ። አጥንትህን አውቀዋለሁ። ራስህን ከእነማን ጋር እንደምትደምር አንተ ታውቃለህ፤ እናትህ ግን በመቃብሯ ትሰማለች። እኔ አርባ ዓመት በሬ ጠምጄ፣ ሚስቴን በክብር ቀብሬ፣ የሰው ምክር ሳልለምን የኖርሁ ሰው ነኝ። የዚያች ሞተር ነገር የዘይት ይሆናል። ዘይቱን ጨምሬበታለሁ፣ ትንሽ ተሽሏታል።

ሩዙ ውኃ ውስጥ ገብቷል። ርብ ከሰኞ ጀምሮ ሜዳው ላይ ነው። ከብቱን ወደ ኮረብታው አውጥተነዋል። ስንዱ እግሯ አብጧል፣ ግን ትስቃለች። «የልጄ አያት ካፒቴን ሆነዋል» ትለኛለች።

አበረና ሸክላ ሠሪዋ ሚስቱ ታይቱ ልጆቻቸውን ይዘው ወረታ ገቡ። ማጭድ የሚያሳል ሰው ጠፋ፤ ታይቱም ገንቦዋን ተሸክማ ስትመጣ በር ይዘጋባት ጀመር። እኔ ሂዱ አላልሁም። ውኃው ከመሙላቱ በፊት በእግራቸው ሄዱ።

መልስ አያሻውም።

ያየህ


ጅቡቲ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ምትክ፣ ለአጎቴ ለአቶ ያየህ።

እግርዎ ላይ ወድቄ ነው የምጽፍልዎ። ባለፈው የጻፍኩት ቃል በዝቷል። ሙቀቱና ሥራው አናቴን ቢያዞረው ነው። ይማሩኝ። ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ መቅዘፍ ያስተማሩኝም እርስዎ።

አሁን የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ክታቡን አይፍቱት። አይንኩት። መሪጌታ እንዳሉት ይቀመጥ። ክዳኑን ብቻ ሩብ ዙር አላልተው ይሂዱ። አንድ ሩብ ዙር፣ የገንቦ ክዳን ነካ እንደማድረግ። በዚያች ክፍተት አየር ይገባል፣ ክታቡም በቦታው ይሆናል፣ ማንም አይነካውም። ቤንዚኑ ትንሽ ቢፈስስ ይፍሰስ።

ዘመኑ ማንበብ ይችላልና ይህችን ለእርሱም ያሳዩልኝ።

ካሴ መንገዱ ይከፈት አይከፈት አላወቀም። ቢሆንም ነገ ማለዳ ይነሣል። ነሐሴ ሳያልቅ ይደርሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ስንዱ በሰላም ከተገላገለች ለልጁ ስም እኔ ላውጣ፤ ይፍቀዱልኝ።

ልጅዎ ሰውመሆን


ፎገራ፣ መስከረም 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰውመሆን።

የሰጠም የነሣም እርሱ ነው፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። አንተን በጤና ያቆይልኝ።

የነሐሴውን ደብዳቤህን ካሴ ያመጣልኝ በስንዱ ሣልስት ነው። መንገዱ ተዘግቶበት ከዓባይ ወዲያ ሰንብቶ ኖሯል። እርሱ ምን ያድርግ። ነገሩን ቀስ ብዬ ላደርስህ ነበር ያሰብሁት፤ እጄ ቀደመኝ። እንግዲህ ተቀምጠህ አንብበው።

ምጡ የያዛት ነሐሴ 22 ቀን ጧት ነው። ጀልባዋ ውስጥ ገለባ አነጠፍን። ባሏ ዘመኑ ከፊት ሆኖ የሚገባውን ውኃ ይቀዳል፣ እኔ ከኋላ ሞተሯን ይዣለሁ። ሰልባቲዮው ሙሉ ነበር። ደህና ተነሣች። ሩዙን የዋጠውን ውኃ አልፈን፣ የመንገዱን ባሕር ዛፎች ጫፍ ማየት ስንጀምር ድምጿ ቀጠነ። አሳለች፣ ጠፋች።

ሳብሁ። እጄ እስኪላጥ ሳብሁ። ዘመኑ ቀዘፈ፤ ጎርፉ ግን ወደ ደንገሉ መለሰን። ተነሣች፣ ጠፋች፤ ደግሞ ተነሣች፣ ጠፋች። ዘመኑ ያንተን የሰኔ ደብዳቤ አይቶት ኖሯል፣ ከሣጥኔ ውስጥ። «አባ፣ የክዳኑን ነገር እንሞክረው» አለኝ። «እጅህን እዚያ እንዳታሳርፍ» አልሁት። አማቹ ነኝና መቅዘፊያውን መልሶ ያዘ።

ልጅቱ እዚያው ደንገሉ ውስጥ ተወለደች። በዘመኑ ጋቢ ጠቀለልናት። ጮኸች፣ ደህና ነበረች። የእናቲቱ ደም ግን አልቆመም። ገለባው ጠገበ፤ ዘመኑ ሲቀዳው የነበረው ውኃ ቀላ። ፀሐይ አናታችን ላይ ደረሰች።

ስንዱ ነች የተናገረችው። «አባ፣ ያን ክታብ ለእኔ ይሰሩልኝ። ለብረት ከሚያስሩት» አለች።

በቢላዬ ሰሙን ፍቄ ጠፍሩን ቆረጥሁ። ክታቡን ሳነሣው ያች ብሎን ላልታ ኖሮ ፊሽ አለች። ረጅም ትንፋሽ ሳበች፣ ሸክሙን አውርዶ መደብ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው። የጎማዋ እንቁላል እጄ ሥር ሞላች። ክታቡን ስንዱ አንገት ላይ አሰርሁላት። ገመዱን አንድ ጊዜ ሳብሁ፣ ሞተሯ ተነሣች። ከዚያ ወዲያ አልጠፋችም።

ስንዱ ክታቡን በእጇ ጨብጣ «አዩ አባ፣ ሠራ» አለችኝ።

አዎ ልጄ አልኋት።

አስፋልቱ ጫፍ ባጃጅ ቆሞ ነበር። ዘመኑ አቅፎ ሲያወጣት እጇ ክታቡን እንደጨበጠ ነው፤ ሌላው ሰውነቷ ለቆ ነበር። ባጃጁ አላስፈለገንም። በዚያችው ጀልባ ይዘናት ተመለስን። ሞተሯ እስከ ደጃችን እንደ ኮርማ እያገሳች ሄደች። ዘመኑ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም።

ሲገንዟት ክታቡን ፈትተው ሰጡኝ። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። መሪጌታ «ለሕፃኒቱ እሰርላት» አሉኝ። አላሰርሁላትም። የዘመኑ እናት የላም ወተት እያቀጠነች ታጠጣታለች፤ ትጠባለች፣ ጉልበት አላት። ስም ላውጣ ብለህ ነበር። አውጣላት።

በገበያ ቀን ወረታ ወጣሁ። ዘመኑን ማጭድ ላሳል ነው ብዬዋለሁ። አበረ ከከብት ተራው ጀርባ በላስቲክ ጥላ ሥር ወናፉን ተክሏል። ታይቱ አጠገቡ ሸክላዋን ደርድራለች። ሲያዩኝ ሁለቱም ከተቀመጡበት ተነሡልኝ። ተነሡልኝ፣ አየህ።

ታይቱ ፊቷ በርቶ «ስንዱ ተገላገለች?» አለችኝ።

ባርኔጣዬን አወለቅሁ። የተላጨ ራሴን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። አበረ ወናፉን ለቀቀው፤ እሳቱ እየጠቆረ ሄደ።

«ሞተሯስ?» አለኝ አበረ።

«ትሄዳለች» አልሁት።

«ማን ፈታው?»

«ስንዱ።»

ማጭዴን ተቀብሎኝ ይስል ጀመር። ተመለሱ ልለው ነበር የሄድሁት። በጀልባዬ፣ በገዛ ሞተሬ ላሻግራችሁ ልለው። ሳልለው የስለቱን ብልጭታ ቆሜ አየሁ። ስሎ ሲጨርስ ማጭዱን በሁለት እጁ አቀበለኝ። ታይቱ ከዕቃዋ ኋላ አንዲት ትንሽ የገንፎ ድስት አወጣች። ጥቁር፣ እንደ መስታወት ያበራች። «ለአራሷ ብዬ የሠራኋት ናት» አለችኝ። እንቢ ማለት ነበረብኝ ይሆን? እጄ ተቀበለቻት።

ካንዴላም ቱቦም አትላክ። ሞተሯ የማንም ጥፋት የለባትም፤ ያንተም የአበረም። የመንደሩን ሰው በእርሷ አሻግራለሁ፤ ክዳኑን ሩብ ዙር አላልቼ።

ድስቷ ይኸው ከፊቴ ናት። ለዘመኑ እናት ልስጣት? ለታይቱ ልመልስላት? ወይስ ለልጅቱ ትቀመጥላት? ምን እንደማደርጋት ጻፍልኝ። ካሴን ደጅ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። አሁን ግን ያልኸኝን አደርጋለሁ።

አጎትህ ያየህ